ከኮምፒዩተራችን ጋር አብሮ ስለሚነሳው «ረዳት»

ለክቡር ኢንጂነር ኦስማር ባልዲቪዬሶ
የኩሪማዩ ማዘጋጃ ቤት የዲጂታል ዕድገት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ የተራራው ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ እንቅልፍዎም እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ። እንቅልፍዎን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። እኛ ገና ጎህ ሲቀድ የምንጽፈውን ሁሉ እርስዎ ቁርስ ሳይቀምሱ ስለሚያውቁት፣ ለመሆኑ መቼ ይተኛሉ ብዬ ተጨንቄ ነው።

እንደሚያውቁኝ ብጠረጥርም ስሜን ልናገር፤ ዜኖቢያ ቾኬ እባላለሁ፣ የራዲዮ ኩሪማዩ የንጋት መልእክት አንባቢ ነኝ። ስልክ በማይሠራባቸው የላይኞቹ መንደሮች ያለው ሰው ሁሉ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ራዲዮኑን ከፍቶ የእኔን ድምፅ እንደሚጠብቅ፣ «ዶኛ ሲፕሪያና፣ እህትሽ ዓርብ በጭነት መኪና ትመጣለች፤ አህያ ይዘሽ ድልድዩ ጋ ጠብቂያት» የሚለው ዓይነት መልእክት እዚህ አገር የቤት ስልክም ፖስታም ማለት እንደሆነ እርስዎም የአካባቢው ልጅ ነዎትና አይጠፋዎትም። ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በደብተር ሠርቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት እርስዎ መጥተው «ደብተር ኋላቀር ነው» ብለው፣ ኮምፒዩተርና የበይነመረብ መስመር ከነገመዱ አስገብተውልን፣ ከእኛ ጋር ፎቶ ተነስተው ሄዱ። ለዚህ ስጦታ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም፤ ቅሬታዎቼን በቁጥር የማቀርበውም ምስጋናው እንዳይምታታብኝ ብዬ ነው።

፩. ኮምፒዩተሩ ከተከፈተ በኋላ ሥራ ለመጀመር አርባ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። የፕሮግራሜ ዕድሜ ግማሽ ሰዓት ነው። በመጀመሪያ የከንቲባው ፎቶ ይመጣል፣ ቀጥሎ የከተማው መዝሙር ከነአዝማቹ ይዘመራል፣ ከዚያ እኛ ፈጽሞ የማንደርስበት ዋና ከተማ የአየር ሁኔታ ይነገረናል፣ በመጨረሻም የሌለን ማተሚያ ማሽን ወረቀት እንዳለቀበት ያስታውቃል። ይህ ሁሉ እስኪያልፍ እኔ ማይክሮፎኑ ፊት ቁጭ ብዬ በቃሌ የያዝኩትን እናገር ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው በሬውን ማክሰኞ ማውረድ ሲገባው ረቡዕ አወረደ፤ ገበያው ተበትኖ ደረሰ።

፪. የመጀመሪያ ጥርጣሬያችን በእርስዎ ላይ አልነበረም፤ በራሳችን ላይ ነበር። ኮምፒዩተሩ የመጣው ዕቃ ሁሉ ከሚመረቅበት ከካርኒቫል ማክሰኞ በኋላ ስለሆነ፣ እንደ ሌላው አዲስ ዕቃ ለምድር እናት አረቄ ሳይፈስለት፣ ባለ ቀለም ወረቀትም ሳይበተንበት ሥራ ጀምሯል። የራዲዮው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «የከፋው ለዚህ ነው» አለ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ተሰብስበን፣ ቆንጆ አድርገን መረቅነው። አረቄውን ያፈሰሰችው እጄ ትንሽ ስለፈጠነች አንዳንዱ ቁልፍ እስከ ዛሬ ይጣበቃል፤ ኮምፒዩተሩ ግን እንደ በፊቱ አርባ ደቂቃውን አላጓደለም። ይህ የእኛ ስሕተት መሆኑን በታላቅ ትሕትና አምናለሁ። ጥፋተኛውን መሬት ላይ ፈልገን ነበርና።

፫. አበልጄ ማክሲማ ገበያው ጥግ የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ የኮምፒዩተር ነገር ይገባታል። መጥታ ተቀመጠችና አንድ ዝርዝር ከፈተች። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ማንም ሳይጠራቸው አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ስም ዝርዝር ነው። ሃያ ሦስት ነበሩ። «አበልጄ፣ ይሄ ኮምፒዩተር አይደለም፣ አውቶቡስ ነው እንጂ! ትኬት ያልቆረጠው ሁሉ ተሳፍሮበታል» አለችኝ። አንድ በአንድ ከፊታቸው ያለውን «በርቷል» የሚለውን «ጠፍቷል» እያደረገች አወረደቻቸው። ፎቶው ጠፋ፣ መዝሙሩ ጠፋ። ዝርዝሩ ግርጌ ላይ «ረዳት» የሚባል አንድ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ የሠራቸው ድርጅት ስም ተጽፎላቸዋል፤ የእሱ ቦታ ባዶ ነው። እሱንም አጠፋችው። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ በሦስት ደቂቃ ተነሳ፤ ደስ ብሎኝ ዝርዝሩን ብከፍት ሃያ ሁለቱ እንደጠፉ ናቸው፣ ረዳት ግን በርቷል። ደግሜ አጠፋሁት። በማግሥቱም በርቷል። እንዲህ እየተባባልን ዘጠኝ ቀን ከረምን። ማክሲማን ብጠይቃት «ሌላ ቦታ ተደብቆ የሚቀሰቅሰው አለ። አንቺ ታስተኚዋለሽ፣ እሱ ያነሳዋል» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በማዘጋጃ ቤትዎ እንዲህ ያለ ትጉህ ሠራተኛ መኖሩን በማወቄ እጅግ ተደንቄአለሁ፤ ሌሎቹን ስንቀሰቅሳቸው እንኳ አይነሱም።

፬. ነገር ማገናኘት የጀመርኩት ያኔ ነው። የላይኛው መንደር የሐሙስ የመስኖ ውሃ ተራ ተነጥቆ ለአንድ የምክር ቤት አባል የኮክ እርሻ መሰጠቱን ያውቃሉ፤ የፈረሙት እርስዎ ባይሆኑም ሲፈረም አጠገብ ነበሩ። የመንደሩ ሰዎች በዚህ ጉዳይ እሁድ ከተማው አዳራሽ ሊሰበሰቡ አስበው መልእክቱን ዓርብ ጠዋት ይዘውልኝ መጡ፣ ለቅዳሜ ንጋት እንዲነበብ ጻፍኩት። ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ተቆለፈ፤ በሩ ላይም «ለቀለም ቅብ ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እኔ ገና አላነበብኩም። መንደሩም አልወረደም። ቀለሙ እስከ ዛሬ አልመጣም። ቀለሙን አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ማን ቀድሞ እንደሰማ ነው።

ስለዚህ አንድ ጠዋት የበይነመረቡን ገመድ ነቅዬ አሥራ አራት መልእክት ጽፌ ሳበቃ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ከፈትኩት። እርስዎን የመሰለ አስተዋይ ሰው የሚሆነውን ሳልነግርዎ ይገምታል። ረዳት ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ በጨዋ ቋንቋ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አሳየኝ፤ «መስመር የለም። አሥራ አራት መልእክቶች ለመላክ በመጠባበቅ ላይ ናቸው።» ወዴት እንደሚላኩ አላለም። ፈራሁ፣ አልደብቅም፤ ከፍርሃቱ በኋላ ግን ንዴት መጣ።

፭. ሰው በጥርጣሬ ብቻ አይከሰስም። ማረጋገጥ አለብኝ አልኩና ገመዱን መልሼ ሰክቼ አንድ መልእክት ጻፍኩ፤ «ሐሙስ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት የላይኛው መንደር ሰው በሙሉ አካፋና ዶማውን ይዞ የቦዩ በር ጋ ይገናኝ፤ በሩን በራሳችን እንከፍተዋለን።» ይህን መልእክት በራዲዮ አላነበብኩትም። ለአንድ ነፍስ እንኳ አልተናገርኩትም። የቦዩን በር የሚጠብቁት ዶን ኤልዮዶሮ ቤት ብቻ በእግሬ ሄጄ «ሐሙስ ጠዋት ደጃፍዎ ላይ ቁጭ ይበሉና የሚመጣውን ሰው ይዩልኝ» አልኳቸው።

ሐሙስ ዝናብ ነበር። የላይኛው መንደር ሰው ሁሉ እንቅልፉን ተኝቷል። የማዘጋጃ ቤቱ ነጭ ፒክአፕ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ ቦዩ ጋ ቆሟል፤ ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ አንድ ፖሊስና፣ ክቡርነትዎ፣ እርስዎ ወርዳችሁ ዛፍ ሥር ተጠግታችኋል። ዶን ኤልዮዶሮ አዝነውላችሁ ትኩስ ድንችና አይብ ይዘው መጡ።

«ጌቶቼ፣ በዚህ ዝናብ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሏችሁ።

«ሰዎቹን ነዋ!» አለ አንደኛው የምክር ቤት አባል።

«የትኞቹን ሰዎች?»

ይኼኔ እርስዎ በክርንዎ ጎሸም አድርገውት «የለም አባቴ፣ መንገድ ልንጎበኝ ነው» አሉ።

«መንገዱማ ወንዙ ማዶ ነው፣ ልጄ» አሉ ዶን ኤልዮዶሮ። ድንቹን ግን አልከለከሏችሁም።

፮. ይኼኛው አጭር ነው፤ ደብዳቤውን ሁሉ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ዶኛ ሳተርኒና የሚባሉ እናት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ማዕድን ማውጫ ለሚሠራ ልጃቸው መልእክት ያስጽፉኛል፤ «ሳልህ ተሻለህ ወይ፣ ፍየሏ ወለደች፣ ካልሲ ሠርቼልሃለሁ» የሚል። የሐሙሱ ወሬ ደርሷቸው ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ኮምፒዩተሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ «ልጄ፣ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው የሚሰማው ከሆነ ይቅርብኝ» ብለው ተነስተው ሄዱ። ልጃቸው በዚያ ንጋት ራዲዮኑን ከፍቶ ስሙን ሲጠብቅ ነበር። አልጠራሁትም። የማነብለት መልእክት አልነበረኝም። ይህን ለማድረግ ምን ያህል ትጋት እንደጠየቀዎት አላውቅም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተገነባን እምነት በአንድ ዓመት ማፍረስ ግን ለሁሉ ሰው የሚቻል ሥራ አይደለምና እንኳን ደስ አለዎት።

የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ረዳትንም፣ እሱን የሚቀሰቅሰውንም፣ ሰው እያየ፣ በራስዎ እጅ ያጥፉልኝ፤ ከዚያም ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማይክሮፎኑ ፊት ቀርበው እስከ ዛሬ የማን ጆሮ እንደነበረ ለዶኛ ሳተርኒና ይንገሯቸው። እስከዚያው ኮምፒዩተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ማዕዘን ተቀምጧል፣ እኔም ወደ ደብተሬ ተመልሻለሁ። ደብተሬ ኋላቀር ነው፤ ስከፍተው አብሮት የሚከፈት ሌላ ነገር የለም።

ስለ ሰጡን ትኩረት፣ በተለይም ሳንጠይቅዎ ስለ ሰጡን፣ እጅ እየነሳሁ፣ ለረጅም ዕድሜዎና ለአጭር ሥልጣንዎ የምጸልይ፣

አክባሪዎ
ዜኖቢያ ቾኬ
የራዲዮ ኩሪማዩ የንጋት መልእክት አንባቢ

ግልባጭ፦ ለረዳት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከሌላው ሕዝብ እኩል እንዲሰማ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የሐሙሱ ነገር አጋጣሚ ነው ብለው እንዳስወሩ ሰምቼ፣ ሰው ሳላጣራ እንዳልበድል ብዬ ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት በነበረው ማክሰኞ ጨርቁን ገልጬ ኮምፒዩተሩን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩና አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩበት፤ «የኢንጂነሩ መኪና የኋላ ግራ ጎማ ላይ ሚስማር አድርገንበታል።» ይህም በራዲዮ አልተነበበም። ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት ትኩስ የበቆሎ መጠጥ የሚሸጡት ሴት እንደነገሩኝ፣ በዚያው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በጉልበትዎ ተንበርክከው የኋላ ግራውን ጎማ በመዳፍዎ ሲዳስሱ ነበር። ጎማው ደኅና ነው፣ ክቡር ሆይ። ማንም አልነካውም።