እስከ አፉ የሞላው በርሜል

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እንቅልፍ ይወስድሽ ጀመረ ወይ? ትንሿ ልጅሽ አሁንም በር በተንኳኳ ቁጥር ትሮጣለች? እናታችንስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኔ ከእጆቼ በቀር ደህና ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጽሑፍህን ዶሮ ነው የጫረው እያልሽ ስትስቂብኝ ኖረሻል፤ ዛሬ ግን ሰበብ አለኝ። ጣቶቼ ተልጠው በፋሻ ተጠቅልለዋል፣ ብዕሩን የያዝኩት በሁለቱ ብቻ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያን ፎርማን ጥርሱን ስላረገፍክልኝ እጅህ ይባረክ፣ ሐሙስ ደግሞ የአደጋው መርማሪዎች ፊት ቀርቤ የቀረውን እኔ እጨርስለታለሁ፣ እስር ቤት ካልበሰበሰ እኔ ሰው አይደለሁም ብለሻል። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ይሄ እንዲደርስሽ ብዬ ለአውቶቡሱ ሾፌር በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እናታችን አጠገብ ግን አታንብቢው።

ባልሽ ጋሼ ቤት ሲገባ የሥራ ወሬ ስለማይወድ ሁለታችን የምንሠራበት ፋብሪካ ምን እንደሚሠራ በደንብ አታውቂም። ቦታው የምግብ ዘይት መጭመቂያ በነበረ ጊዜ እኔ አሥራ አንድ ዓመት የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቶቹ መጭመቂያውን ነቅለው ቫርኒሽ መሥራት ጀመሩ፤ እኛንም እንዳለን አስቀሩን። ለቫርኒሹ የሚመጣው ፈሳሽ አክሪሌት ይባላል። ይሄኛው ከአኩሪ አተር ዘይት የተሠራ ነው እየተባለ በርሜሉ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፎበታል። ጉድ የሠራን ያ ቅጠል ነው። ከባቄላ ዘመድ የመጣ ነገር ማንን ይገድላል እያልን ስንቀልድ ከረምን።

አዲሱ ፎርማን ግን አይቀልድም ነበር። ቀኑን ሙሉ ጓንት፣ ጓንት ስለሚል ‹ጓንቴ› ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሰብስቦ ያስተምረናል። ከተክል መጣ ብላችሁ አትታለሉ፣ ይሄ ነገር አንዴ ቆዳን ካስቀየመ ዕድሜ ልክ አይታረቅም፣ ከዚያ ወዲያ ጠብታው ይበቃል ይለናል። የጋሼ መዳፍ እየተላጠ ስንት ሳሙና እንደቀየርሽለት ታስታውሻለሽ። ሳሙናው አልነበረም። ጋሼ ጓንት ይሞቀኛል ባይ ነበር።

ዋናው ትምህርቱ ስለ አየር ነው። ፈሳሹ በራሱ ጊዜ እንዳይጠጥር የሚይዘው መድኃኒት ተጨምሮበታል፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ግን አየር ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ በርሜል እስከ አፉ አይሞላም፤ ሲሞቅም በቀስታ፣ ክዳኑ ላልቶ ነው። አየር ካጣ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ይጠጥራል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ያበጠ በርሜል ያየ ሰው ይሩጥ እንጂ አይቅረብ ብሎ አሥር ጊዜ ነግሮናል። እኛ የዘይት ሰዎች ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ አልን። ዘይት አየር ከነካው ይበላሻል። ጎበዝ መጋዘን ሠራተኛ ማለት እስከ አፉ ሞልቶ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እጄ የለመደው ይሄንኑ ነው።

ጋሼን ባጣንበት ዕለት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ፈሳሹ እንደ ማር ወፍሮ አልቀዳ አለን። ጓንቴ ጠዋት አንዱን ጎደሎ በርሜል የማሞቂያ ቀበቶ አስታጠቀው፣ ክዳኑን አላላ፣ ማላላቱን መዝገብ ላይ ጽፎ ፈረመና ወደ ላቦራቶሪው ወጣ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት አሻጊዎቹ ሴቶች ሽታው አናታችንን በጠሰው እያሉ ይጮሃሉ። ከምሳ በፊት አንድ ሰው ከሌላ ጎደሎ በርሜል ገልብጦ ይሄኛውን እስከ አፉ ሞላው፤ ክዳኑንም በመፍቻ ጠርቅሞ ዘጋው። የሞላ በርሜል ቶሎ አይሞቅም ብሎ ማሞቂያውንም ከፍ አደረገለት። ሴቶቹ ሽታው ሲቀንስ መረቁት። አንድ ሰው እላለሁ እትዬ፤ ለጊዜው እንደዚያው ይሁን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በርሜሉ መጮህ ጀመረ። ቆርቆሮው ይንቋቋል፣ ሆዱ ተነፍቶ ቀለሙ እየተቀረፈ ይረግፋል። እኔ ክዳኑን ልፈታ መፍቻዬን ይዤ ሮጥኩ። ጋሼ ከኋላ አንገትጌዬን ይዞ ወረወረኝ። ተነስቼ ደግሜ ስሮጥ በጥፊ አጮለኝ፤ ዓይኔ እሳት ተፋ። ዝንብ እንኳ መትቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። እጄ ላይ ያለውን መፍቻ አየ፣ ቀና ብሎ ፊቴን አየ፣ አንድ ቃል ሳይጠይቀኝ ውጣ ብቻ አለኝ። በበሩ ገፍትሮ ጣለኝና ተመልሶ ገባ። የአሻጊዎቹ መውጫ በበርሜሉ አጠገብ ነው። አምስቱን በፀጉርም በቀሚስም እየጎተተ አወጣቸው። ስድስተኛዋን ከፊቱ ገፍትሮ እንዳስወጣት ፈነዳ።

ወዲያው ነው ያለፈው፣ ምንም አልተሰማውም ብለውሻል። ውሸት ነው። ውሸት በቃኝ እትዬ፤ ባልሽ እንዴት እንደሞተ የማወቅ መብት አለሽ። የበርሜሉ አናት ተገንጥሎ ግራ ትከሻውን ይዞት ሄደ። የፈላው ፈሳሽ ሙጫ ሆኖ ፊቱና ደረቱ ላይ ተለጥፎ እዚያው እየጠጠረ ያቃጥለው ነበር። በእጄ ልግፈፍለት ብል ቆዳው ተያይዞ መጣ። ጮኸ። ብተወው ይሻለው ነበር ይሆናል፣ አላውቅም፤ እኔ ግን መላጡን አላቆምኩም። የእጄ ቁስል ከዚያ የመጣ ነው። አንቺን ሁለት ጊዜ ጠራ። ልጆቹንም ጠራ። እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ ሳለ እኔን አልጠራኝም።

ከቀብር መልስ የሆነውን በመስኮት አይተሻል። ጓንቴ ሊያጽናናሽ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ በግንባሬ አፍንጫውን ቀጠቀጥኩት። ሲወድቅ አፉን በተረከዜ ረገጥኩት። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ገዳይ፣ ገዳይ እያልኩ እስኪደክመኝ መታሁት። እጁን አላነሳም፤ ዓይኑን ግን ከዓይኔ ላይ አልነቀለም። የማያስወራ ነገር ልንገርሽ? ደስ ይለኝ ነበር። በረገጥኩት ቁጥር እሱ ገዳይ እየሆነ እኔን ይቀለኝ ነበር። ሰዎች ባይገላግሉን ኖሮ እገድለው ነበር።

ከትናንት ወዲያ ተኝቶ የሚታከምበት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ እንዳይመስልሽ፤ ለመርማሪዎቹ ምን እንዳላቸው ልሰልል ነው የሄድኩት። መንጋጋው ታስሯል፣ ቃል ሲያወጣ ምራቁ ከደም ጋር ይዝረከረካል። ክዳኑን ማን ዘጋው ብለው ቢጠይቁት የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አትፈልጉ ብሏቸዋል። ከዚያ ትራሱ ሥር እጁን ሰዶ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ሰጠኝ። ክዳኑን ማላላቱን የጻፈበት ገጽ ነው፤ ከመዝገቡ ቀዶታል። ለምን አልኩት። ያቺ ሴትዮ በአንድ ወር ባሏንም ወንድሟንም አታጣም አለኝ። ወስደህ አቃጥለው አለኝ።

ያኔ ደግሜ ልመታው እጄ ተነሳ። ፋሻ በተጠቀለለው እጄ አልጋውን ነረትኩት፤ አስታማሚዎች እየጎተቱ አወጡኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ይዋረዳል ብዬ ከደጁ ግድግዳ ጋር ግንባሬን ሳጋጭ ዋልኩ። ውርደቱ የእሱ እንዳልነበረ የገባኝ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ነው። ምርቃትሽን መልሺው እትዬ። እነዚህ እጆች አይባረኩም።

ገጹን አላቃጠልኩትም። ነገ ጠዋት ይዤው ወደ መርማሪዎቹ እሄዳለሁ፤ ያ ‹አንድ ሰው› ማን እንደሆነም በአፌ እነግራቸዋለሁ። ስለዚህ ሐሙስ ስትመጪ በዚያ ሰው ላይ አንድ ቃል አትናገሪ። ከአልጋው ሲነሳ እዚያ ድረስ መጥቶ እግርሽ ሥር ሊወድቅ ያስባል። እንዳታስወድቂው። በሩን ክፈቺለት፣ ጋሼ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አስቀምጪው። ጠንከር ያለ ነገር ማኘክ አይችልም፤ ለዚያ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ልጆቹ ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው።

እናታችን የጋሼን የሥራ ልብስ ከሳጥን እያወጣሽ ፊትሽን ትቀብሪበታለሽ ብላ ልካልኛለች። ተይ እትዬ፣ እባክሽ። ነገሩ ጨርቁ ውስጥ ገብቷል፤ ፊትሽ ያብጣል፣ ዓይንሽ ይቃጠላል። በጓንት ያዢው፣ በላስቲክ ጠቅልለሽ አርቂው፣ ልጆቹ አይንኩት። ያ የምታሸቺው ሽታ የእሱ አይደለም።

ፈጣሪ ልጆቹን በሰላም ያሳድግልሽ። ለእናታችን ዕድሜ ይስጥልሽ፤ ስለ እኔ ስትጠይቅሽ የምትመልሽው ቃል አንቺው ዘንድ ይሁን። ከነገ በኋላ ምን ብለሽ እንደምትጠሪኝ አላውቅምና እስከ ዛሬ ስትጠሪኝ በኖርሽው ልፈርም።

ታናሽ ወንድምሽ