ባለካፖርቱ እሺ ያሉ ዕለት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቃስትዎታል ወይስ ቀለል አለልዎ? እማዬስ ደህና ናት? ሳሉ ለቀቃት? ሱቁስ፣ ደንበኞችዎስ፣ ያ ጨርቁን ሁሉ ዳሶ ዳሶ ምንም ሳይገዛ የሚወጣው ጎረቤታችንስ ሰላም ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እማራለሁ።

በስልክ ስንገናኝ ሁላችሁም በአንድ አፍ ትናገራላችሁ፤ እኔም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ አይወጣኝም። ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎ ወሰንኩ። ምክንያትም አለኝ። የንግድ ባልንጀራዎ፣ እኛ ልጆችዎ በጓዳ «ባለካፖርቱ» የምንላቸው ጋሼ፣ ከዚህ ተመልሰው አገር ገብተዋል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሳይደርስዎ አይቀርም። «ልጅህ አሳፈረችኝ» ብለውዎት ከሆነ እባክዎ ከእኔም ይስሙ።

አስቀድሜ ኑሮዬን ልንገርዎ። የምማረው ከሌላ አገር ሰው ጋር እንዴት እንደሚነገድ ነው። አስተማሪያችን ሁለት ሁለት አድርጎ ያስቀምጠንና አንዳችንን ሻጭ፣ አንዳችንን ገዢ አድርጎ ያከራክረናል። ባለፈው «በዝምታ እንደዚህች ልጅ ብርቱ ተደራዳሪ አላየሁም» ብሎ በክፍሉ ፊት አመሰገነኝ። ምስኪን፣ ዝም የምለው ቃሉ ጠፍቶብኝ መሆኑን አላወቀም። ቋንቋቸው ድምፅ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ትርጉሙ ይለወጣል። አንድ ቀን ምግብ አዳዩን ጨው የጠየቅኩት መስሎኝ ሲጋራ ጠይቄው ኖሮ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ምልክት በጣቱ አሳየኝ።

ክፍል የምትጋራኝ ልጅ ዘመዶቿ ቤት ከገባች ወዲህ ሁለተኛው አልጋ ባዶ ነው። የታጠበ ልብሴን እሱ ላይ አሰጣለሁ፤ ከደረቀም በኋላ ቶሎ አላነሳውም፤ ባዶ ፍራሽ ከማየት ይሻለኛል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ሁሉ ለአራት ሰው ነው። እኔ ስቀመጥ አንዱ ይመጣና ወንበሩን ይዞ «ሰው አለው?» ይለኛል። «የለውም» እላለሁ፤ ይወስደዋል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። በክፋት አይደለም፣ ጓደኞቻቸው ወንበር አንሷቸው ነው። ልብስ ሳጥብ ግን ለብቻዬ በአማርኛ አወራለሁ፤ ካልሲዬን ሳይቀር እቆጣለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ጋሼ የደወሉት። «አንቺ! ያለሽበት ከተማ ገብቻለሁ፤ ነይ አስተርጉሚልኝ» ሲሉኝ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሆቴላቸው ስደርስ ያንኑ ካፖርት ለብሰው ደጅ ቆመዋል። «ምነው እንዲህ ከሳሽ? አባትሽ ቢያይሽ የሚጣላው ከእኔ ነው» አሉኝና ሳቅኩ። አባዬ፣ ሳቄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ታክሲ ውስጥ ማን እንዳገባ፣ ማን አጥሩን ወደ ጎረቤቱ እንደገፋ ሲያወሩልኝ መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

የሄድነው የልጆች ጃኬት ሊያሰፉ ወዳሰቡበት ፋብሪካ ነበር። እግረ መንገዳቸውን ሌላ ከተማም ሌላ ፋብሪካ እንደሚያዩ ነገሩኝ። «እዚህ እሺ እሺ እያልኩ አቆያቸዋለሁ፤ እዚያ ከተሻለኝ እዚያው አሰፋለሁ» አሉ። የነጋዴ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ፋብሪካ ስልዎ ትልቅ አይምሰልዎ። አንድ አዳራሽ ነው፤ የስፌት መኪኖች በሁለት ረድፍ፣ መሃል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ። ባለቤቷ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የምትሰካ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ጋሼ ጨርቁን ልክ እንደ እርስዎ በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፣ አንገቱ ላይ የራሳቸው ምልክት እንዲሰፋ ጠየቁ። በመጨረሻ ሴትዮዋ «እንግዲህ ይህን ላስቆርጥ?» ብላ ጠየቀች። «እሺ፣ ችግር የለም» አሉ ጋሼ። እኔም ቃሉን እንዳለ አቀበልኩ።

ይህን እሺ እርስዎ ያውቁታል። ደላላው ቤቱን ይሽጡ እያለ ሲመላለስ «እሺ፣ እናያለን» ሲሉት እኛ ጓዳ ሆነን አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር። እምቢታ መሆኑን ከደላላው በቀር ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ይህች ሴት ግን እሺን እሺ ብላ ተቀበለች። ወዲያው ቆራጩን ጠራችው። ጥቅሉን ጨርቅ ለሁለት ተሸክመው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ቆራጩም ጠመኔውን ከኪሱ አወጣ። የሰው ምልክት የተሰፋበትን ጃኬት፣ ሰውየው ከተወው ማን ይገዛዋል?

«ጋሼ፣ ሊቆርጡት ነው እኮ» አልኳቸው በቀስታ።

«ይቁረጡታ! አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ? የምልሽን ብቻ ተናገሪ» አሉኝ፤ ፈገግታቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ።

ፈራሁ፣ አባዬ። ስንት ጊዜ ተርቤው ያገኘሁትን ጨዋታ አሁን አፌን ብከፍት እንደማጣው አውቄዋለሁ። ጠመኔው ጨርቁን ሲነካ ግን አላስቻለኝም። «ይቅርታ፣ በእኛ ዘንድ እሺ ማለት ሰምቻለሁ ማለትም ይሆናል። ሳይቆረጥ በፊት ቁርጡን ይጠይቋቸው» አልኳት። ያልኩትን ለጋሼም ደግሜ በአማርኛ ነገርኳቸው፤ ከጀርባቸው የተናገርኩ እንዳይመስላቸው።

ሴትዮዋ እጇን አነሳች፤ ቆራጩ ቆመ። የስፌት መኪኖቹም አንድ በአንድ ዝም አሉ። ጋሼን ትክ ብላ አይታ «ላስቁመው ወይስ ይቁረጥ?» አለች። ጋሼ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መሬቱን አዩ። «ለጊዜው ይቆይ በያት» አሉ። እሷም አልተቆጣችም፤ ጨርቁ እንዲጠቀለል አዘዘችና እስከ በሩ ሸኘችን።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሆቴሉ ደጅ ሲወርዱ «ከአባትሽ ጋር ስንት ዘመን አብሬ በላሁ፣ አብሬ ጠጣሁ። ልጁ ለባዕድ አሳልፋ ትስጠኝ?» አሉኝ። በማግስቱ ልሸኛቸው ስሄድ እንግዳ ተቀባይዋ ማለዳ ወጥተዋል አለችኝ። የሄዱት ወደዚያኛው ፋብሪካ ይሁን ወደ አገር አላወቅኩም። ደጁ ላይ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ጋሼ ክፉ ናቸው እያልኩዎ አይደለም። ነጋዴ ናቸው፣ በራቸውን ከሁለት ወገን ከፍተው መሄድ ፈለጉ። እኔም አዋቂ ሆኜ አይደለም። አስተማሪዬ ነገሩን ሲሰማ «ተገቢ ሥራ ነው» አለኝ፤ ደስ ግን አላለኝም። እሱ ያጣው ሰው የለማ። አሁንም ምግብ ቤት ተቀምጬ «ዝም ብል ምን ነበረበት?» እላለሁ፤ ደግሞ ቆራጩ ትዝ ይለኝና እተወዋለሁ።

ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አስጠርታኝ ከሰፊዎቹ ጋር ምሳ አበላችኝ። እነሱ ቶሎ ቶሎ ስለሚናገሩ ግማሹ ያመልጠኛል። ግን ያን ዕለት የሰሙትን ቃል ይዘው ስሜን «እሺ» ብለውኛል። በአዳራሹ ሳልፍ ከየመኪናው ጀርባ «እሺ! እሺ!» ይሉኛል፤ አቤት እላለሁ። ሳቃቸው ደግ ነው። ወደ ክፍሌ ስመለስ ግን፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሰው አፍ የሰማሁት አማርኛ ያቺ ብቻ መሆኗ ትዝ ይለኛል።

አደራ፣ ጋሼ ሱቅ ሲመጡ ፊት አይንሷቸው፤ በእኔ የተነሳ ወዳጅነታችሁ እንዳይሻክር። እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ስለ አልጋውና ስለ ወንበሩ የጻፍኩትን ግን አያንብቡላት፣ ትበላለች፣ ደህና ነች ይበሏት። ታላቅ ወንድሜን ሱቁን በጊዜ እየዘጋ ይረፍ ይበሉልኝ። ትንሿ እህቴ ቀሚሶቼን መልበሷን ሰምቻለሁ፤ ትልበስ፣ ሰማያዊውን ብቻ ታስተርፍልኝ። ለአክስቴና ለልጆቿ፣ ለዚያ ለማይገዛው ጎረቤታችንም ሳይቀር ሰላምታዬ ይድረስ።

እርስዎም እባክዎ በገዛ እጅዎ ይጻፉልኝ። አጥፍተሻል ካሉም አጥፍተሻል ይበሉኝ፤ እስኪበቃዎ ይቆጡኝ። ቁጣዎ በአማርኛ ነው።

የምትናፍቅዎ ልጅዎ

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ጥር ፲፪ ቀን