ሻይ ቤት ያለቀስኩ ዕለት

ሰኞ
ጎረቤቴ ዘነበች ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «ይቺ አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ። እኔው ነኝ። ባለፈው ሐሙስ፣ ፒያሳ፣ ሻይ ቤት ጥግ ተቀምጬ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ስጠርግ። ፊት ለፊቴ ራሷን ትቀርጽ የነበረች ልጅ ናት አብራ ያስገባችኝ። ሌላ ሰው ደግሞ እሷን አውጥቶ፣ እኔን አጉልቶ፣ ሆድ የሚያባባ ዘፈን ጨምሮበታል።

ስልክ አልይዝም። ልጄ ሳምራዊት የገዛችልኝ እንደታሸገ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ከስልክ ሸሽቼ ምን አተረፍኩ?

ለምን እንዳለቀስኩ ለዘነበች አልነገርኳትም። ለማንም አልተናገርኩም። ሻይ ቤቱ ፎቅ ላይ ያለው ሐኪም ከጡቴ እብጠት ናሙና መወሰድ አለበት ብሎኛል። የሳምሪ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ዝም ልል ቆርጬ ነበር።

ማክሰኞ
ክርና ቁልፍ የምሸጥባትን ሱቄን ዘግቼ ምኒልክ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት የማላውቃት ሴት አቀፈችኝ። «አይዞሽ እናቴ። ልጅሽን ነፍስ ይማር።» ልጄ አልሞተችም ልላት ስል እንባዋ ቀደመኝ። ለካ ቪዲዮው ሥር ሰው የፈለገውን ጽፏል። ልጇ የሞተባት ናት። ቤቷ የፈረሰባት ናት። ልጇ አረብ አገር የቀረችባት ናት።

በቁም ላለች ልጅ ነፍስ ይማር።

ረቡዕ
ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ራሷን ስትቀርጽ የነበረችው ልጅ ዛሬም እዚያው ነበረች። ልጮህባት ነበር አመጣጤ፤ ስነግራት ግን ክው አለች። ከኋላዋ መኖሬን እንኳ አላየችም። ቪዲዮዋን እዚያው ፊቴ አጠፋችው። «የሌሎቹን ግን አልችልም እናቴ፤ አንዴ ወጥቷል» አለችኝ። ተሰናብቻት ወጣሁ።

ሐሙስ
ቪዲዮው ሳምሪ መሥሪያ ቤት ደርሷል። አስፈቅዳ ሱቅ መጣች። አልተቀመጠችም።

«እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም። ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«ሻይ ቤቱ ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም አይደለም። አሁን ጠይቄ ነው የመጣሁት። የጡት ነው።»

ነገርኳት።

«ሠርጌ ላይ እየሳቅሽ ፎቶ ልትነሺ ነበር?»

«አዎ» አልኳት። መደርደሪያው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ሠርጉ ይራዘም አለች፤ እምቢ አልኩ። አኮረፈች። እንዳኮረፈች፣ ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ አለች።

ዓርብ
ናሙናው ተወሰደ። አመመኝ፣ ግን የፈራሁትን ያህል አይደለም። ነርሷ ውጤቱ ሲደርስ እንደውላለን ብላ ስልክ ቁጥር ጠየቀች። ሳምሪ የራሷን ሰጠች። እኔ ቁጥር የለኝም። ደጉንም ክፉውንም ከእኔ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ ነው የሚያስጨንቀኝ።

ደረጃውን ስንወርድ «ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው» አልኳት።

«አንቺ ብቻሽን አልሰማሽም?» አለችኝ።

ቅዳሜ
ሳምሪ ምሳ ልትበላ እሪ በከንቱ፣ ቤቴ መጣች። ስልኳን ከትሪው አጠገብ አስቀምጣዋለች። በመሃል ጮኸ። ሁለታችንም ጉርሻችን እጃችን ላይ ቀረ። ውጤቱ እንዲህ ቶሎ እንደማይደርስ እናውቃለን። ቢሆንም።

የሠርጉን አዳራሽ የሚያስጌጠው ሰውዬ ነው። አበባው ነጭ ይሁን ቢጫ ይላል። ሳምሪ እኔን አየችኝ።

ነጭ በይው፣ አልኳት።