መቶ ስልሳ ሁለት ሜትር ለቸሩን ክቡር ሰው

ለክቡር ኦቦ ሙሐዲን፣
የቦሳ ኪቶ የአሥር ኪሎሜትር የጎዳና ሩጫ አዘጋጅ ኮሚቴ የክብር ሊቀመንበር፣ የተጨማሪ ሽልማት ለጋሽ እና የባለ አምስት ፎቁ ሆቴል ባለቤት፣
ጅማ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሆቴልዎ፣ ከሆቴልዎ በር በላይ የተሰቀለው ያ ትልቅ ሰሌዳ ሁሉ እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከመቶ ስልሳ ሁለት ሜትር በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ምናልባት ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ፎቅ ላይ ለሚቆም ሰው መሬት ለመሬት የሚሄድ አይታየውም። ቲጃኒ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንገድ ሥራ ሜትር ስይዝ ኖሬ በጡረታ የወጣሁ፣ የሰፈር ልጆች አባ ሜትር የሚሉኝ ሰው ነኝ። ከሰኮሩ እስከ ጅማ ያለውን አስፋልት ስንት ጊዜ በእግሬ እንደለካሁት እኔና ጉልበቴ እናውቃለን። ኮሚቴዎ የሩጫውን መንገድ እንድለካለት ሲጠይቀኝ የመለኪያ ጎማዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ ባጃጆች ሳይወጡ በማለዳ፣ ሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሦስቱንም ጊዜ አሥር ሺህ ሜትር የሞላው ሆቴልዎን አልፎ፣ የቡና መጋዘኑ በር ፊት ለፊት ነው። እዚያው ላይ በነጭ ቀለም መስመር ቀባሁ። ለዚህ ድካሜ ኮሚቴዎ የሆቴልዎ ስም የተጻፈበት አንድ ኮፍያ ሰጥቶኛል፤ ባለቤቴ ዙቤይዳ እንቁላል ታስቀምጥበታለች፣ እሷም ታመሰግንዎታለች።

ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። ሩጫው ሊጀመር ሲል መድረክ ላይ ወጥተው፣ ለአንደኛ ወንድና ለአንደኛ ሴት ከተመደበው ሽልማት በላይ ከግል ኪስዎ ሃምሳ ሃምሳ ሺህ ብር እንደሚጨምሩ ሲናገሩ እኔም ከሰው እኩል አጨብጭቤያለሁ። ወላሂ ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት። ሰው ካለው ላይ ሲሰጥ ማየት ደስ ይላል። ቃልዎንም አላጠፉም፤ ብሩን በዚያው ዕለት ቆጥረው ሰጥተዋል። ይህንን የምጽፈው ነገ ቲጃኒ ስሜን አጠፋ እንዳይሉኝ ነው። የእኔ ጉዳይ ከሰጡት ጋር ሳይሆን ከወሰዱት ጋር ነው፤ በቁጥር አቀርበዋለሁ፤ ቁጥር እንጀራዬ ስለነበረ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንደኛ፤ እኔ ሯጮቹ በሚዞሩበት በአምስተኛው ኪሎሜትር ላይ ባንዲራ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ በአየር የሚነፋው የፍጻሜ በር ከመጋዘኑ ፊት መቆሙ ክቡርነትዎን ቅር አሰኘዎ። ቅር መሰኘትዎ ይገባኛል፤ እዚያው ቢቀር ኖሮ በፎቶው ላይ የሚታየው ዝገት የበላው የመጋዘኑ ቆርቆሮ እንጂ የእርስዎ ሰሌዳ አልነበረም። ስለዚህ አራት ጎረምሶች አዘው በሩን አሸክመው ሆቴልዎ ፊት ለፊት አስተከሉት። በዚህም አላበቁም፤ ማይክሮፎኑን ይዘው፣ ልጆቻችን በፀሐይ እንዳይደክሙብን ብለን መጨረሻውን ትንሽ ቀረብ አድርገንላቸዋል፣ ሽልማቱን ጨምረን ድካሙን ቀንሰናል ብለው ለሕዝቡ አበሰሩ። ሕዝቡም፣ ምን ያድርግ፣ አጨበጨበ።

አይ ርኅራኄ! በሥራ ዘመኔ ጠጠር ሲሰረቅ አይቻለሁ፣ ሲሚንቶ ሲሰረቅ አይቻለሁ፤ መንገድ ተሰርቆ ለተሰረቀበት ሰው በስጦታ መልክ ሲበረከት ያየሁት ግን በእርስዎ ነው። አንድ ነጋዴ ለገዢው ሸክም እንዳይከብደው ብሎ ከእያንዳንዱ ኪሎ ቡና ላይ ጥቂት ቢቀንስለት በእኛ አገር ምን እንደሚባል፣ በቡና ለከበሩት ለእርስዎ አልነግርዎትም። በሁለቱም ቋንቋችን እናመሰግናለን፤ ገለቶማ።

እኔ የመጨረሻው ሯጭ ሲዞር በባጃጅ ተመልሼ ስመጣ፣ እርስዎ ዘንድ ሙዚቃው ይደልቃል፤ በቀባሁት መስመር ላይ ደግሞ አንዲት ፍየል ቆማ ታመነዥካለች። ከፍየሏ አጠገብ መጋዘኑ ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ተደርድረው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። የእነሱን ነገር አሁን እነግርዎታለሁ።

ሁለተኛ፤ ሶረቲን ያውቋታል፤ በግራዎ አቅፈዋት ፎቶ የተነሱት ልጅ ነች። ፎቶው ሆቴልዎ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከፎቶው ውጭ ያለችውን ሶረቲን ግን ላስተዋውቅዎት። የአሰንዳቦ ልጅ ነች፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ከእናቷ ከወይዘሮ ፈድሊያ ጋር ከእኛ ቤት ጀርባ ተከራይተው ይኖራሉ። ቀን በዚያው መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅማለች፤ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ትሮጣለች። በዚያን ዕለት ከእሷ ጋር የሚለቅሙት ሴቶች መስመሩ በሥራ ቤታቸው በር ላይ መሆኑን ስነግራቸው ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ገና በጠዋቱ ቦታ ይዘው ጠበቋት። እሷ ከሩቅ አንደኛ ሆና ብቅ ስትል እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያ መቶ ስልሳ ሁለት ሜትር ሲቀራት ድንገት ቆመች። የወደቀች መሰላቸው። አልወደቀችም፤ ነጩን መስመር አሻግራ አይታው ልቀጥል ስትል የእርስዎ ሰዎች አቅፈው ያዟት፤ አበባም አንገቷ ላይ አጠለቁላት።

ልጅቱ የመጣችው ለእርስዎ ሃምሳ ሺህ እንዳልነበረ ልብ ይበሉልኝ፤ ሃምሳ ሺህ ብር መኖሩን የሰማችው መነሻው መስመር ላይ ቆማ ነው። የመጣችው አሰልጣኝ ብርሃንነሽ የሚባሉ ሴት ከአዲስ አበባ ክለብ ሰዓት ይዘው ስለመጡ ነው። አሥር ኪሎሜትሩን ከሠላሳ አራት ደቂቃ በታች ለምትጨርስ ሴት በክለቡ የወጣቶች ቡድን ውስጥ ደመወዝ፣ አልጋና ልምምድ ይሰጣታል። የወጣቶች ቡድን የሚቀበለው እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሶረቲ ሃያ ይሞላታል። ነገሩ ይኼው ነው፤ ከዚህ በላይ የሚብራራ የለውም።

ሶረቲ ሆቴልዎ በር ላይ የደረሰችው በሠላሳ ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ስድስት ሰከንድ ነው። አሰልጣኟ ግን እርስዎ ማይክሮፎኑ ላይ የተናገሩትን ሰምተው ነበርና ተነሥተው እስከ ነጩ መስመር ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ ተመልሰውም ይህ አሥር ኪሎሜትር አይደለም፣ ሰዓቱን አልቀበልም አሉ። እኔ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ፤ በሮጠችበት ፍጥነት የጎደለውን ብትጨርሰው ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ዘጠኝ ሰከንድ ይሆናል፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ይተርፋታል። አሰልጣኟ በትሕትና፣ አባቴ፣ በማባዛት የመጣ ሰዓት አይመዘገብም አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ያልተለካን ነገር ተለክቷል ብዬ ፈርሜ አላውቅም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ልጅቱ ያላትን ሁሉ ሮጣ፣ በአሥራ አንድ ሰከንድ ቀድማ፣ በእርስዎ ደግነት ወደቀች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ እርስዎ ግን ሌላ ሰው የመጠነውን ነው የደፉት። ማታውኑ ወይዘሮ ፈድሊያ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እያሉ ቤታችን መጡ፤ ሃምሳ ሺህ ብር ይዘው የሚያለቅሱ እናት በዕድሜዬ ያየሁት ያኔ ነው። በብሩ የቤተሰቡን ቤት ጣሪያ አስቀይረዋል፤ አሰንዳቦ ያለው ቤታቸው ዘንድሮ አያፈስም፤ ለዚህም ይመርቁዎታል። ነገር ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ይሆናል እንጂ የልጅ እድል አይሆንም።

ሦስተኛው ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ነው። አሰልጣኝ ብርሃንነሽ በሩን አልዘጉባትም። አዘጋጅ ኮሚቴው መንገዱ አጭር እንደነበረና ጥፋቱ የአትሌቷ እንዳልሆነ በፊርማና በማኅተም ከጻፈልኝ፣ እስከ የካቲት ሃያ ድረስ አዲስ አበባ ጠርቼ በድጋሚ እፈትናታለሁ አሉ፤ ያለዚያ አለቆቼ ከሁሉ መርጠሽ ለምን እሷን ትፈትኛለሽ ይሉኛል አሉ። አምስት መስመር የማይሞላ ደብዳቤ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ወልደሰማያት በማግሥቱ ጽፈው ጨረሱት። ማኅተሙም ከመሳቢያ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የሚጎድለው የክብር ሊቀመንበሩ ፊርማ ብቻ ነው።

እኔና ሶረቲ ደብዳቤውን ይዘን ቢሮዎ መጣን፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ከጠበቅን በኋላ አስገቡን። ወረቀቱን አነበቡት። ሩጫዬ አጭር ነበር ብዬ በራሴ እጅ ልፈርም ወይ፣ ሰው ምን ይለኛል አሉ። ከዚያም ሳቅ ብለው፣ ልጅቱ ከተከፋች ሌላ ሃያ ሺህ ልጨምርላት አሉ። ሶረቲ አንገቷን ደፍታ፣ በጨዋ ደንብ፣ ገንዘቡ ይቅርብኝና ወረቀቱን ይስጡኝ አለች። እርስዎም ሠላሳ አደረጉት።

ኦቦ ሙሐዲን፣ ወላሂ ያን ጊዜ ጆሮዬን አላመንኩም። ልጅቱ ፊርማ ስትልዎ እርስዎ ብር ይሰማዎታል። እርስዎ ዘንድ ጨረታ የቀረበ መሰለዎ እንዴ? የሚገርመኝ ደግሞ ሠላሳ ሺህ ብር ከማውጣት ይልቅ አንዲት ፊርማ የምትከብድዎ መሆኗ ነው፤ ብሩን ሲሰጡ ስምዎ ከፍ ይላል፣ ሲፈርሙ ግን ስምዎ ከአንድ ስሕተት አጠገብ ይጻፋል። የሰጡትስ ለማን እንደሆነ አሁን ገባን። ለእሷ ቢሆን ኖሮ የምትፈልገውን ይሰጧት ነበር።

አራተኛም ነበረኝ። ባለፈው አርብ ከጁምዓ በኋላ በሰው መሐል፣ የዛሬ ልጅ የሰጡትን አያመሰግንም፣ እጅ ነካሽ ነው ብለው አዝነው መናገርዎን የሰሙ ሰዎች ነገሩኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ስለዚህ ነገር ጨዋ ሰው የሚጽፈው ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ዙቤይዳም የጻፍኩትን አንብባ ግማሹን ሰረዘችው። የተሰረዘውን ከፈለጉ ቤቴ ድረስ ቢመጡ በቃሌ አነብልዎታለሁ።

ከክቡርነትዎ የምለምነው ሦስት ነገር አይደለም፣ ሁለትም አይደለም። ብር አይጨምሩ። ሜዳሊያ አያሠሩ። ለሚቀጥለው ዓመት ሩጫ ከአሁኑ ቃል አይግቡ። የካቲት ሃያ ሳይደርስ ከዚያ ፎቅ ወርደው፣ በአቶ ወልደሰማያት ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ስምዎን ይጻፉ። ስምዎን መጻፍ እንደሚወዱ ከሰሌዳዎ ተረድቻለሁ። ሶረቲ እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ትሮጣለች፤ እኔም ሰዓት ይዤላት እቆማለሁ፤ የምንጨርሰው መጋዘኑ በር ላይ፣ ነጩ መስመር ላይ ነው። ከትናንት በስቲያ ሠላሳ ሦስት ከአርባ አራት ገብታለች። ያየነው እኔ፣ ቡና ለቃሚዎቹና ያቺ ፍየል ነን፤ ማኅተም ያለው ግን ከመካከላችን የለም።

አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ ዕድሜዎንም ለእርስዎ አዝኖ የሚያሳጥርልዎ ሰው አያጋጥምዎ።

ከማይጎድል አክብሮትና ከጎደለ መንገድ ጋር፣

ቲጃኒ (አባ ሜትር)
ጡረተኛ የመንገድ ለኪ
ቦሳ ኪቶ፣ የካቲት 9

ግልባጭ፦
ለአቶ ወልደሰማያት፣ የማኅተሙ ቀለም እንዳይደርቅ ክዳኑን እንዲገጥሙለት
ለቡና መጋዘኑ ለቃሚዎች፣ በሩ ላይ እንዲለጠፍ
ለፍየሏ ባለቤት፣ ለምስጋና

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጎደለው በትክክል መቶ ስልሳ ሁለት ሜትር መሆኑን ሳላረጋግጥ ስምዎን ላለማንሳት ብዬ፣ ባለፈው እሑድ ማለዳ መንገዱን እንደገና ለካሁት። ጎማውን የገፋችው ሶረቲ ነች፤ እኔ እጽፋለሁ። ሆቴልዎ ጋ ስንደርስ ጎማው አጥርዎን ነካ፤ ከሥራ ዘመኔ የቀረው አሮጌው የመንገድ ፕላኔ ላይ ግን ያ ቦታ የሕዝብ መንገድ ነው። ከመንገዱ መሐል ተነሥተን ብንለካ አጥርዎ ሁለት ሜትር ከሰባ ሳንቲ ወደ መንገዱ ገብቶ ተገኘ። ሦስት ጊዜ ለካን፣ ሦስት ጊዜ ያው ነው፤ ቁጥሩን ጮክ ብላ ያነበበችው እሷ ነች። ለካስ መንገድ ማሳጠር ብቻ ሳይሆን ማጥበብም ያውቁበታል! በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና የልኬቱን ወረቀት ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፍኩ፤ ፊርማ ብቻ ጎድሎት ነበር። ዛሬ ጠዋት ፈረምኩበት። አያምም፤ እርስዎም ይሞክሩት።