ሽቦ ቢነቀልም የማይጠፋ ሞተር

አቃቂ፣ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለሚኒባሴ የሚገባውን ሞተር ዛሬ መረጥኩ! ጋሽ ታደሰ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ያገለገሉ የናፍጣ ሞተሮች ነበሩ። አንዱ ናፍጣውን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ፣ ሌላው በፓምፕ ብቻ የሚሠራ። ልቤ ያለው ኮምፒውተር ያለው ላይ ነበር፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ናፍጣም ይቆጥባል ይላሉ። የሚመረምረው ልጅ ከሳሪስ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ገና ሶኬት ላይ ሲሰካው መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል!

ጋሽ ታደሰ በሃይላንድ ጠርሙስ ናፍጣ ሞሉ፣ በቱቦ ከባለፓምፑ ጋር አገናኙትና ሞተሩን በመኪና ባትሪ አስነሱት። ከዚያ የባትሪውን ሽቦ ነቀሉት። ሞተሩ ግን ማጓራቱን ቀጠለ! ላፕቶፕ የያዘው ልጅ ራሱ አጨበጨበ።

«ይኼኛው መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም» አሉኝ።

«በቃ፣ እሱን ይግጠሙልኝ!» ብዬ፣ ሞተሩ እየጮኸ ትቻቸው ወደ ቤት በረርኩ።

ለሚስቴ ለአስቴር ገና ከበሩ ጀምሬ «ሽቦውን ነቅለውት እንኳ አልጠፋም!» አልኳት።

ልብስ ማጣጠፏን አቁማ አየችኝ። «ታዲያ በምንድነው የሚጠፋው?»

እስከ ዛሬ የነዳሁት መኪና ሁሉ በቁልፍ ነው የሚጠፋው። ይኼኛው ሲነሳ እንጂ ሲጠፋ አላየሁም።