ራሰ በራው ባሮን

ሚያዝያ 3
የእኛ የአርመኖቹ ከተማ ሲስ ዛሬ ሞቃት ነበረች። ቀዩን ቀለም ስፈጭ ዋልኩ። አባባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ሰማያዊው በዛ እንዴ ይለኛል። የያዝኩት ግን ቀዩን ነበር... ዓይኑ ከገና ወዲህ ጨርሶ ጠፍቷል። እንዳይታወቅበት ከቤት አይወጣም። የመጽሐፍ ሥዕሉን እኔ እስላለሁ፣ ሰው የአባባ የሃይራፔት እጅ ነው ይላል። እስከ መቼ?

ሚያዝያ 9
ባሮን አርታክ ለሠርጉ ወንጌል አዘዘ። ሙሽራዋ የአንጾኪያ ፈረንጅ ናት፣ እመቤት ኤሺቫ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለቱ ተንበርክከው ይሳሉ ተባለ። የባሮኑ እህት ለብቻዬ ጠርታኝ፣ አባትሽ ለወንድሜ ቁመት ይጨምርለት፣ ጸጉርም ያብዛለት አለች። ዘንዶ ገደለ የሚባለውን ቅድመ አያታቸውን እንዲመስል። ዘንዶውን ማን አየው?

ሚያዝያ 20
ጸጉር ሠራሁለት። ጥቁር፣ ጥቅልል ያለ። ለአባባ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ።

ግንቦት 2
ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ ልጻፍ።
ባሮኑ ሳይታሰብ ከሙሽራዋ ጋር መጣ። አጭር፣ ወፍራም፣ ራሰ በራ። ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አየው። ኤሺቫ በተሰባበረ አርመንኛዋ፣ "ይሄ ማነው? ሌላ ባል አለኝ?" አለች።
ባሮኑ ብሩሹን አንስቶ ለአባባ ዘረጋለት። እዚሁ ፊቴ አስተካክለው አለ። አባባ አየሩን ዳበሰ... አላገኘውም። አለቀልን አልኩ።
"ጌታዬ፣ እኔ ማየት ካቆምኩ ሰነበትኩ" አለ አባባ። "የሳለችው ልጄ ጎሐር ናት። የደበቅኳት እኔ ነኝ።"
ባሮኑ ወደ እኔ ዞረ። "ጸጉር ያበቀልሽልኝ አንቺ ነሻ?"
"አዎ፣ ጌታዬ።"
"በይ ጸጉሩን አጥፊው።"
ጥቁሩን ከብራናው ላይ በምላጭ ፋቅኩት። መላጣውን፣ ድርብ አገጩን፣ ሆዱን፣ እንዳለ ሳልኩ። ኤሺቫ ከትከሻዬ በላይ ስታይ ቆይታ፣ እሱ ነው አለች ቀስ ብላ። ባሮኑ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።
"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅድመ አያቴን ሲስሉልኝ ኖሩ። ራሴን ገና ዛሬ አየሁት።"

ግንቦት 16
ሠርጉ አለፈ። እንግዳው ሁሉ ወንጌሉን እየተቀባበለ ሥዕሉን አየ። የባሮኑ እህት ሰላም እንኳ አላለችኝም። ምን ላድርግ? በላሁ፣ ጨፈርኩ።

ሰኔ 1
አባባ ጠዋት በትሩን ይዞ ገበያ ወጣ። እዚያ ካሉት የመጽሐፍ ጸሐፊዎች ጋር ሲከራከር ቆይቶ፣ ከንፈሩ ላይ አሬራ እንደደረቀበት ተመለሰ።
ከሰዓት የጠርሴስ መነኮሳት መጽሐፍ ሊያስሉ የላኩት ሰው መጣ። ሠዓሊዋ የት ናት ብሎ ጠየቀ። አፌን ሳልከፍት አባባ ከመቀመጫው ተነሳ።
"እቺ ናት። የኔ ልጅ ናት" አለ ጮክ ብሎ።
ጎረቤት ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም።