ሰው የሌለባቸው ፎቶዎች

ውድ ወንድሜ፣

ነገር የተበላሸው በሠርግህ ጠዋት፣ ካሜራዬን መልሰህ እጄ ላይ አስቀምጠህ «አይዞሽ፣ ሰው ያለበትን አንድም አልነካሁም» ያልከኝ ጊዜ ነው።

ታስታውሰው እንደሆን አላውቅም። እኔ ሸሚዝህን እየተኮስኩ ነበር። አንተ ከረባትህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ፣ አንድ እግርህን ካልሲ አጥልቀህ ሌላውን ረስተህ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ካሜራውን ትነካካለህ። «ሚሞሪው ሞልቷል እኮ!» አልክ። «ቆይ፣ እኔ አየዋለሁ» አልኩህ። መቼ ቆይተህ ታውቃለህ? ሚዜህ በትከሻህ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ባልዲ... መጋረጃ... ደሞ ባልዲ! እህትህ የቤት ዕቃ ልትሸጥ ነው እንዴ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ምን እያጠፋህ እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

በክፋት እንዳላደረግከው አውቃለሁ። አንድ በአንድ እያየህ፣ ፊት ያለበትን እያስቀረህ ነው የደመሰስከው። ፊት የሌለበት ፎቶ ለአንተ ፎቶ አይደለም፤ ጣት ሳይታሰብ የነካው ስህተት ነው። እንዲያውም ሥራ ያቀለልክልኝ መስሎህ ነበር። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አነሳሁህ። ሳሎንህ ውስጥ የተሰቀለው ትልቁ ፎቶ፣ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው፣ እኔ እንባዬን ውጬ ያነሳሁት ነው።

አሁን እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን ልንገርህ። እነዚያ ሰው የሌለባቸው ፎቶዎች እማ ነበሩ።

በመጨረሻው ሕመሟ መድኃኒቱ ፊቷን እንዴት እንዳሳበጠው ታውቃለህ፤ ቢያንስ ሁለቴ መጥተህ አይተሃታል። አንድ ቀን ካሜራዬን ሳነሳ በእጇ ከለከለችኝ።

«ፊቴን እንዳታነሺ። ይሄ የመድኃኒቱ ፊት ነው፤ የኔ አይደለም።»

«ታዲያ ምንሽን ላንሳ?»

ትንሽ አሰበችና፣ «የነካሁትን አንሺ» አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ ልቧን ላለመስበር ብዬ ነው ያነሳሁት። ቀኑን ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ የማላውቃቸውን ሰዎች ደም ሳይ ውዬ፣ ዓይኔ እየተቃጠለ ነበር የምገባው። ካሜራውም የባትሪ መክደኛው በፕላስተር የተያዘ፣ ከሥራ ባልደረባዬ የገዛሁት አሮጌ ነው። ከእማ ጋር ግን ቤታችንን እንደ አዲስ አየሁት። ተጣጥፎ በተቀመጠ ጋዜጣ ላይ ያረፈው መነጽሯ። ተረከዙን ረግጣ ያጎበጠችው ነጠላ ጫማ። ከተነሳች በኋላ ትራሱ ላይ የቀረው የጭንቅላቷ ጎድጓዳ። ማጀቱን ስታቋርጥ መጋረጃው ላይ ያለፈው ጥላዋ። ከበር ስገባ ገና ትጣራለች፦

«ነይ ቶሎ! ባልዲው ላይ ፀሐይ ወርዳለች፤ ልትሄድብን ነው!»

«እማ፣ ጫማዬን እንኳ ላውልቅ።»

«ጫማሽ የትም አይሄድ! የምትሄደው ፀሐይዋ ናት።»

ያ የሳቃችሁበት ባልዲ፣ ሻሿን በገዛ እጇ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበችበት ነው። ውኃው ገና አልረጋም ነበር፤ ብርሃኑ ከውኃው ተነስቶ ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ቀና ብላ እያየች፣ «እኔ እኮ የብርሃን ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ፤ ደመወዝ የለው፣ ፈቃድ የለው» ብላ ሳቀች። በዚያ ዓመት ስትስቅ ያየኋት በፎቶዎቹ ነገር ብቻ ነው። ማታ ማታ በካሜራው ትንሽ መስታወት ላይ አብረን እናያቸው ነበር፤ እኔ «ይቺ ደብዝዛለች፣ ላጥፋት» ስል፣ «ተያት፣ እኔም ደብዝዣለሁ» ትለኝ ነበር።

አንዷን ግን ለይቼ ልንገርህ። ዝናብ የጣለ ቀን ነው፤ መስኮቱ በጉም ተሸፍኗል፤ መሐል ላይ በመዳፏ የጠረገችው ክብ አለ፤ በክቡ ውስጥ መንገዱ ይታያል። እመጣለሁ ብለህ የቀረህበት ቀን ነበር። ከሁሉም የምወዳት እሷን ነበር። የአንተ ጣት «ምንም የለበትም» ብሎ አጠፋት።

ከሠርግህ በኋላ ሚሞሪውን ይዤ ካሜራ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ብዙ ታገለ። በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ፣ «እህቴ፣ ምን ልበልሽ... ወንድምሽ ከነሙሽራዋ ከነሚዜው በጠፉት ፎቶዎች ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ዋጋም ሳይጠይቀኝ ሸኘኝ። ከሁሉ የተገኘችው የአንዲት ፎቶ ግማሽ ናት፤ ከላይ የመጋረጃው ዘንግ፣ ከታች ግራጫ። ጥላዋ ያለፈው ከታች በኩል ነበር።

ለምን ያኔ አልነገርሽኝም ትለኛለህ። አዲስ ሙሽራ ነበርክ፤ ከእናቱ ሐዘን ገና ያልወጣ ልጅም ነበርክ። ሌላ ልጨምርብህ አልፈለግሁም። አንተ ግን ፎቶዎቹን ለማስመለስ ጠጋኝ ዘንድ መሄዴን ሰምተህ፣ ዝምታዬን ቀልድ አደረግከው። ባለፈው እሑድ አክስታችን ቤት ምሳ ላይ፣ «ለባልዲ ሐዘን የተቀመጠች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያቻትላችሁ!» ብለህ በሹካህ አሳየኸኝ። ሚስትህ ውኃ ትን እስኪላት ሳቀች። አክስቴ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ፣ «ተዪው እንግዲህ፣ ወንድምሽ እኮ ነው» አለችኝ። ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ትናንት ደግሞ መልእክትህ መጣ፦ «ቅዳሜ የልጄ ልደት ነው፤ ካሜራሽን ይዘሽ ነይ። ቦታ እንዲኖረው ባዶ ባዶውን ቀድመሽ አጥፊው።»

ባዶ ባዶውን።

ደክሞኛል፣ ወንድሜ። ዝምታም ጉልበት ይጠይቃል፤ የኔ አለቀ። ተናድጄ ብጽፍልህ ይሻለኝ ነበር፤ ንዴቱንም ድካሙ በላው።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ደረጃው ገና ታጥቦ ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋ ወርዳ ሄዳለች፤ የባዶ እግሯ እርጥብ ዱካ ግን ደረጃው ላይ አለ፣ ከላይ ያለው እየደረቀ፣ ከታች ያለው እያበራ። እስኪጠፋ ቆሜ አነሳሁት። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ «ደግሞ ምን አገኘሽ?» አለኝ። ና እይ አልኩት፤ መጥቶ ካሜራው ላይ ጎንበስ ብሎ አየ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ለልጅህ ስል እመጣለሁ፤ ፎቶውንም አነሳለታለሁ፤ እሱ ምንም አላጠፋብኝም። አንተ ግን ይህን እወቅ። ያለ ፈቃዴ ካሜራዬን ከእንግዲህ ማንም አይከፍተውም። ያቺ ቀልድ በእኔ ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ከተደገመች፣ ይህን ደብዳቤ እዚያው ማዕድ ላይ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። «ወንድምሽ እኮ ነው» የሚለውንም በይቅርታ ቦታ አልቀበልም፤ ከአክስቴም፣ ከሚስትህም፣ ከማንም። ይቅርታው ከአንተው አፍ ካልወጣ፣ ከቅዳሜ በኋላ ቤትህ አልመጣም።

እህትህ